የአርባ አንድ በግ ጌታ

ባለፈው ሐምሌ አንድ ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን ጭጋግ ለብሳ መንገዱና ሰማዩ በማይለይበት ሰዓት፣ ታላቅ እህቴ ዘነበች በሬን በክርኗ ገፍታ ገባች። በሁለት እጇ ያቀፈችው ነገር ፊቷን ስለጋረደው እሷ መሆኗን ያወቅሁት በፕላስቲክ ጫማዋ ነው። ያቀፈችው እኔው ራሴ ለፋሲካ የገዛሁላትን ቴሌቪዥን ነበር፤ ዝናቡ እንዳያገኘው በጥቁር ባና ጠቅልላዋለች። «ዛሬ ሊቆጥሩን ይመጣሉ፤ እስኪያልፉ አንቺ ጋ ይዋል» አለችና አልጋዬ ላይ አጋድማው፣ ወገቧን ይዛ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ የረጠበው ባና ሽታ ከጥግ እስከ ጥግ ቤቱን ሞላው።

ባና የመንዝ ሰው ከበግ ጠጉር ሠርቶ ቀን የሚለብሰው፣ ሲተኛም የሚከናነበው ወፍራም ልብስ ነው። በጋውን ሙሉ ምንም አይሸትም፤ ክረምት ገብቶ ሲረጥብ ግን ከስንት ዓመት በፊት የተሸለተው በግ ተመልሶ ይነሳበታል። ይሄኛውን ደግሞ እማዬ ፈትላው፣ አባዬ በገዛ እጁ የሸመነው ነበርና፣ በጉን ብቻ ሳይሆን የኩበቱን ጭስ፣ ከማጀት የሚመጣውን የገብስ ቆሎ፣ የአባዬን አንገት ጭምር ይዞብኝ መጣ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ የምሄድበትም አልነበረኝ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እንደ ሞኝ ቴሌቪዥን አሸተትኩ።

እህቴ የከተማ ሴፍቲኔት ተረጂ ናት። ነገሩን ለማያውቀው ለማስረዳት ያህል፣ መንግሥት አንድን ሥራ ያጣ ሰው ደሃ መሆኑን በጽሑፍ ካረጋገጠ በኋላ መጥረጊያና ሰደርያ ይሰጠዋል፤ ጎዳና ያስጠርገዋል፤ በወሩ መጨረሻም ለመሞት የማትፈቅድ፣ ለመኖርም የማትበቃ ገንዘብ ያስገባለታል። ከዚያ በየጊዜው ታብሌት የያዙ ልጆች ልኮ ያ ሰው በስህተት ኑሮው እንዳልተሻሻለ ያጣራል። ቴሌቪዥን ከተገኘበት ተሻሽሏል ማለት ነው፤ ስሙ ይሰረዛል። እኔ የሂሳብ መምህርት ነኝ፤ ቁጥር እወዳለሁ። ሰው የሚቆጥሩትን ግን ከልጅነቴ ጀምሬ እንቃቸዋለሁ፤ የናቅሁበትንም ምክንያት ያ እርጥብ ባና አንድ በአንድ አስታወሰኝ።

መንደራችን ከጓሳ ሜዳ ግርጌ ያለች፣ ቤቶቿ በድንጋይ ተክበው የጓሳ ሣር የተከደኑ፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ከደጅ ነጭ ነጠላ አንጥፎ የሚጠብቅባት ትንሽ መንደር ነበረች። ገብስ ይዘራል፣ በግ ይረባል፤ ጨውና ስኳር፣ ላምባና ሳሙና፣ እንዲሁም ወሬ በገበያ ቀን ቀየት ከምትባል ከተማ ይመጣል። ሰዉ ሀብታም አልነበረም፤ ደሃ መሆኑን ግን ገና አልሰማም ነበር።

ይህንን ሊነግረን የመጣው የልማት ሠራተኛው ነው። ከቆላ የመጣ፣ ብርዱ አልችል ብሎት ሁለት ጃኬት የሚደርብ፣ አፍንጫው ከመስከረም እስከ መስከረም የሚፈስ ጎረምሳ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ሰብስቦ፣ ሴፍቲኔት የሚባል ነገር እንደመጣ፣ ደሃ ተብሎ የተመዘገበ ስንዴና ዘይት እንደሚሰፈርለት፣ በምትኩም ተራራ ላይ እርከን እንደሚሠራ አስረዳ። ሰው በአራት ደረጃ ይከፈላል አለ፤ የደሃ ደሃ፣ ደሃ፣ መካከለኛ፣ የተሻለ። ከዚያ በዚያ በጉንፋን ድምፁ «እንግዲህ ደሃ ነኝ የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አለን፤ ሽንብራ ገዢ የሚጠራ ነበር የሚመስለው።

ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እማዬ ጉያ ስር ሆኜ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ያስቀኛል፤ አስቆኝ ሲጨርስም ያንገሸግሸኛል። መጀመሪያ ማንም አልተነቃነቀም። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አወጡ፤ እሳቸውስ እውነትም ጧሪ ያልነበራቸው ምስኪን ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን ዝናብ እንዳገኘው እንጉዳይ፣ እጅ ከየባናው ስር ብቅ ብቅ አለ። በቅሎ ያለው ሰው እጁን አወጣ። ሁለት ጥንድ በሬ የሚጠምደው አወጣ። የድንበራችን አዋሳኝ ጋሽ ሽፈራው፣ ከአባዬ ጋር ማኅበር የሚጠጡት፣ «የዘነቡን ሠርግ እኔ ነኝ የምደግስ» እያሉ እህቴን የሚያሳፍሯት ጋሽ ሽፈራው፣ አንድ እጅ የሚያንስ መስሏቸው ነው መሰለኝ ሁለቱንም አወጡ። እሳቸውን እስከ ዛሬ አንቱ የምለው ከልጅነት ልማድ ነው እንጂ ክብሩ ካለቀ ቆይቷል።

የአባዬ እጅ ከባናው አልወጣም። እማዬ ጎኑን በክርኗ ነካ አደረገችው። «እጅና እግሬ እያለ ደሃ ነኝ ልበል?» አላት በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታው ግን እስከ ሦስተኛው ረድፍ የሚሰማ ነበር። እንዲህ ሆኖ ዘጠኝ በግና አንድ በሬ ያለው አባቴ ደምሴ፣ ከቄሱና ከባለ ወፍጮው ጋር «የተሻለ» ተብሎ ተጻፈ። ያን ኩራቱን ያኔ እንደ ጌጥ አየሁለት። አሁን ሳስበው ከኩራቱ ውስጥ ንቀትም ነበረበት፤ እጃቸውን ያወጡትን ጎረቤቶቹን ሲያይ ከንፈሩ በአንድ ወገን ይነሳ ነበር። እኔም ስናደድ ከንፈሬ በዚያው ወገን እንደሚነሳ ተማሪዎቼ ነግረውኛል።

ደሃውን የሚመዘግበው ኮሚቴ በዓመት አንድ ጊዜ ቤት ለቤት እየዞረ ይቆጥራል፤ ሕዝባችንም በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ ሙያ ለመደ። በየቤቱ «የኮሚቴ ልብስ» የሚባል ነገር ተፈጠረ። ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ፣ ትከሻው የሳሳ ጋቢ፣ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ ከክት ልብስ ጎን ይቀመጣል፤ ቆጠራው ሲቃረብ ይወጣል። አንዷ ሴትዮ የባሏ የኮሚቴ ሱሪ አርጅቶ መቀደጃው ሲሰፋባት፣ ብልግና እንዳይሆን በክር ይዛለት ነበር። ልብሱስ ይሁን፤ በጉና ንብረቱ የት ይግባ? ወደ ጓሳ እንዳይሰዱት በዚያ ሰሞን ጓሳ ዝግ ነው፤ ሣሩ እስኪያገግም ማንም ከብት እንዳያስገባ አባቶች የደነገጉት ደንብ አለ፣ ጠባቂዎቹም ቀልድ አያውቁም። ያለው አማራጭ «የተሻለ» ተብሎ ስለተጻፈ ኮሚቴው የማይገባበት ቤት መፈለግ ነው። ቄሱን ያፍሯቸዋል፤ ባለ ወፍጮው ደግሞ ለውለታው ዋጋ ይጠይቃል። የኛ ቤት ቀረ።

እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ ከልጅነቴ ቀኖች ሁሉ የምወዳቸው የቆጠራ ቀኖች ነበሩ። ገና ጎህ ሲቀድ የመንደሩ ንብረት በጓሯችን በኩል ይገባል፤ ሬዲዮ፣ ፋኖስ፣ አዲስ ድስት፣ የሙሽራ ሣጥን፣ ከሁሉም በላይ ባና፤ ባና በባና ላይ እየተደረበ ጣራው ሊደርስ ትንሽ ይቀረዋል። እኔና ዘነበች፣ እትዬ ዘነቡ ነበር የምላት፣ ከክምሩ አናት ላይ ወጥተን ተጋድመን እያንዳንዱን ባና እያሸተትን የማን ቤት እንደሆነ እንገምታለን። የአራሷ ቤት ባና የአብሽ ሽታ ነበረው፤ ጠላ የምትጠምቀው ቤት የጌሾ፤ የጋሽ ሽፈራው ደግሞ የቅቤ፣ ያውም ኮሚቴው በጭራሽ ያላገኘው የብዙ ቅቤ ሽታ። እትዬ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። መንደሩን በአፍንጫዬ ያወቅሁት ከዚያ ክምር ላይ ሆኜ ነው፤ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ በየቤቱ መግባት እችላለሁ።

በረቱም እንዲሁ ይሞላል። በመንዝ በግ ሁሉ ጆሮው ላይ የባለቤቱ ምልክት አለው፤ የኛዎቹ ግራ ጆሯቸው ሁለት ቦታ የተተለተለ፣ የጋሽ ሽፈራው የቀኝ ጆሯቸው ጫፍ የተቆረጠ፣ ሌላውም እንዲሁ የየራሱ አለው። ዓይን ያለው ሰው በረታችን ደጅ ቆሞ ጆሮ ጆሮውን ቢያይ የመንደሩን ሰው ሁሉ ስም መጥራት ይችል ነበር።

ስንዴውን የሚያገኙት በነጻ አልነበረም ብያለሁ። የእርከን ሥራው ራሱን የቻለ ቲያትር ነበር። ቤቱን፣ አጥሩን፣ በረቱን፣ የእናት አባቱን መቃብር በድንጋይ ሲክብ የኖረን ሕዝብ፣ ያ ጉንፋናም ልጅ ገመድ ዘርግቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ አስተማረው። ሕዝቡም በአክብሮት ተማረ። አንድ ዓመት ከላይኛው ተዳፋት ድንጋይ አውርደው ታችኛውን ይክባሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት የታችኛውን አፍርሰው ላይኛውን ይክባሉ፤ ሪፖርቱ ላይ ሁለቱም ተሠርተዋል። አባዬ ከማሳው ሆኖ ያያቸውና «ተራራው ደከመው እኮ» ይላል።

በዚህ ዓይነት ሦስት ዓመት ሄድን። በአራተኛው ዓመት ከላይ አዲስ ትእዛዝ መጣ፤ ደሃ መቁጠር ብቻ አይበቃም፣ ሞዴል አርሶ አደርም ተፈልጎ ይመዝገብ የሚል። ይህንን ለሕዝቡ የነገረ አልነበረም። ስለዚህ በቆጠራው ቀን የልማት ሠራተኛው ሦስት የኮሚቴ አባላት አስከትሎ፣ ገብቶበት በማያውቀው በር፣ በኛ በር ገባ። በረቱን ሲያይ ፊቱ በራ። አርባ አንድ በግ ቆጠረ። ጀርባ ጀርባውን እየጠቆመ ነበር የቆጠረው፤ ጆሮ ያየ የለም። ሦስቱ የኮሚቴ አባላት የመንደራችን ሰዎች ናቸው፣ እያንዳንዱን ጆሮ ያውቁታል፤ ያውም የሁለቱ በጎች እዚያው በረት ውስጥ ነበሩ። ሦስቱም መሬት መሬት ያዩ ነበር።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ ሁሉ የእርስዎ ነው?» አለ ልጁ።

ከድንጋዩ አጥር ወዲያ የመንደሩ ሰው የኮሚቴ ልብሱን ለብሶ ቆሟል። ጋሽ ሽፈራው በተቀዳደደ ጋቢያቸው ውስጥ ሆነው አባዬን ያዩታል፤ ጋቢውን ለታይታ ለብሰውት ሳለ ያን ቀን ግን እውነትም ደሃ መስለው ነበር። አባዬ እሳቸውን አየ፣ በጎቹን አየ፣ የልጁን አፍንጫ አየ። «አዎ፣ የኔ ናቸው» አለ።

ቤት ሲገባም ሬዲዮው የሱ ሆነ፣ የሙሽራው ሣጥን የሱ ሆነ፣ አሥራ ዘጠኙ ባና የሱ ሆነ። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና የምታለቅስ መስላ ትስቅ ነበር። ልጁ ፎቶ አነሳው፤ ከሁለት ወር በኋላም በላስቲክ የተለበጠ የምስክር ወረቀት መጣለት። ጋሽ ሽፈራው ያን ዕለት አባዬን አቅፈው «አንተ ሰው ነህ፤ እግዜር ብድርህን ይክፈልህ» አሉት፤ ከልባቸው ነበር። ወረቀቱን እትዬ ዘነቡ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው፤ አባዬ ባጠገቡ ባለፈ ቁጥር ከንፈሩ በአንድ ወገን ይነሳል።

በዚያው ዓመት እትዬ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ከመንደሩ ልጆች ሁሉ በልጣ አለፈች፤ መስከረም ላይ መሐል ሜዳ ከተማ ሄዳ፣ ከሁለት ልጆች ጋር ክፍል ተከራይታ ዘጠነኛ ጀመረች። የኛ አገር ተማሪ ከተማ ገብቶ የሚማረው በስንቅ ነው፤ ቅዳሜ በእግሯ ትመጣለች፣ እሑድ የሳምንት በሶና ዳቦ ተሸክማ ትመለሳለች። ስንቅ ከቀረ ትምህርቱ ይቀራል፤ ሌላ መንገድ የለውም። ጥቅምት ላይ ውርጩ መጣ። ሊያሽት የደረሰው የአባዬ ገብስ በሦስት ቀን ውስጥ ነጥቶ ቀረ። ኅዳር ላይ በሽታ ገብቶ ከዘጠኙ በግ ሰባቱን ፈጀ፣ በሬውም ለዘር መግዣ ተሸጠ። በየሳምንቱ እማዬ የምትቋጥረው ስንቅ እያነሰ መጣ፤ እትዬ ግን አንድም ቀን አነሰኝ አላለችም፣ ይልቅ ቋጠሮውን ከባድ አስመስላ ትሸከመው ነበር።

የጥር ወር የምዝገባ ስብሰባ ሲደርስ እማዬ አባዬን ቁጭ አድርጋ «በእኔ ይሁንብህ፣ በልጅቷ ይሁንብህ፤ እጅህን አውጣ» አለችው። ሦስት ቀን ሁለቱን በጎች ይዞ ሜዳ ዋለ። በስብሰባው ቀን ግን «ደሃ ነኝ የሚል» ሲባል፣ የአባዬ እጅ ከባናው ወጣ። ያቺን እጅ አሁንም አያታለሁ። የሸማኔ እጅ ነበረች፣ ጣቶቿ የረዘሙ፤ አየር ላይ ምን እንደምታደርግ የጠፋት ትመስል ነበር።

የልማት ሠራተኛው ልጅ መዝገቡን ገለጠ። «ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ አርባ አንድ በግ ተመዝግቦልዎታል። ወረቀትም ወስደዋል። እርስዎ ደሃ ካሉ መንግሥት ምን ይላል?»

«በጉ አልቋል። የቀሩኝ ሁለት ናቸው» አለ አባዬ።

«ሰባት እንደሞተብዎ ተነግሮኛል። ሠላሳ አራት ይቀራል» አለና ልጁ ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ ክፉ ልጅ አልነበረም፣ መዝገቡን የሚያምን ልጅ ነበር። «ሕዝቡ ይመስክር። ጋሽ ደምሴ በቂ በግ የላቸውም የሚል ካለ ይናገር፤ እኔ እጽፋለሁ።»

አባዬ «ሕዝቡ ያውቃል» ብሎ ቀና ብሎ ቆመ። ማንንም በስም አልጠራም፤ ማንንም አላየም። ከሕዝቡ ውስጥ አንድ ሰው «እነዚያ በጎች የኔ ነበሩ» ቢል ያልቅ ነበር፤ ያ ሰው ግን እሱ ራሱ ይሰረዛል። እኔ ጋሽ ሽፈራውን ብቻ ነበር የማየው። ሣሩን በዱላቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ። ጋቢያቸውን አጣፉ፣ መልሰው ዘረጉት። አንዲት ሴት ሳለች። ዝምታው የቆየው ምናልባት አንድ አቡነ ዘበሰማያት ለሚደገምበት ጊዜ ነው፤ ሁላችንም ከዚያ ቀደም ብሎ በጋራ ደግመነው ነበር።

አባዬ እጁን ወደ ባናው መለሰና ተቀመጠ።

ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ መንገዱን ሙሉ ነደደችበት። «የነሽፈራው ናቸው አትልም? ምን አፍህን ያዘህ?» አለችው። አባዬ የመለሰላት በረቱ ጋ ስንደርስ ነው። «እነሱም ልጆች አሏቸው» አለ፣ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ያኔ ከንፈሩን አየሁት፤ አልተነሳም። የንቀቱን ሥራ ለኔ የተወልኝ ያን ቀን ይመስለኛል፣ እኔም አላሳፈርኩትም። ያን መንደር ንቄዋለሁ። ልጁን ከነመዝገቡ፣ ኮሚቴውን ከነዝምታው፣ ያንን ታጥቦ የሚጣጠፍ ቅዳጅ ሁሉ ንቄያለሁ። ጋሽ ሽፈራው በሳምንቱ አንድ ቁና ገብስ በጋቢያቸው ስር ደብቀው ሲያመጡልን፣ አባዬ ተቀብሎ አመሰገናቸው፤ እኔ ግን ከዚያ ገብስ የተጋገረውን ዳቦ አልበላም ብዬ እማዬ በጥፊ አቀመሰችኝ።

እትዬ ስንቋ እስከ የካቲት አጋማሽ ዘለቀ። ከዚያ አንዲት የሩቅ ዘመዳችን ደብረ ብርሃን ለቤት ሠራተኝነት ወሰደቻት። አውቶቡሱ ስር ስንሸኛት አባዬ ባናውን ከትከሻው አውርዶ አለበሳት፤ ራሱ በስስ ጋቢ በዚያ ብርድ ተመለሰ። በልብስ አጣቢነት፣ በምግብ አብሳይነት፣ በሰው ልጅ አሳዳጊነት ከምታገኘው ደመወዝ ላይ በየወሩ የምትልከው ነበር የኔን ስንቅ፣ የኔን የቤት ኪራይ፣ የኔን ደብተር የገዛው። ሂሳብ ያስተማረኝ የእትዬ ጀርባ ነው። አሁን ወገቧ ከዳት፣ ቀጣሪዎቿም «በይ እግዜር ይስጥሽ» ብለው አሰናበቷት፤ እኔ ከምኖርበት ሁለት በር አልፋ አንዲት ክፍል ይዛለች፣ ልጇን ታሳድጋለች፣ ጎዳና ትጠርጋለች። እኔ ጋ ጠቅልላ እንድትገባ ለምኛት ነበር። «እጅና እግሬ እያለ?» አለችኝ፤ የማን ልጅ እንደሆነች አልጠፋትም።

እንግዲህ ባለፈው ሐምሌ ቴሌቪዥኑን አልጋዬ ላይ አጋድማ፣ ትንፋሿ ከተመለሰላት በኋላ፣ ሁለተኛውን ነገር ነገረችኝ። «ደግሞ ዘመድሽ ናት ወይ ቢሉሽ አይደለችም በያቸው። ደመወዝተኛ እህት ያላት ተረጂ አትሆንም ተብሏል።» ዓይኗን ከኔ አንስታ ነበር የተናገረችው። እሺ አልኳት፤ ቀላል መስሎኝ ነበር።

አምስት ሰዓት ሲሆን ቆጣሪዋ ልጅ ከጎረቤት ምስክርነት ልትጠይቅ መጣች። ታብሌቷን ከዝናብ ለመከለል ጃኬቷ ስር ደብቃው፣ ጫማዋን በሩ ላይ የጠረገች፣ «መምህርት» እያለች በአክብሮት የምታወራ ትሁት ልጅ ናት፤ ሰው ለመናቅ ተዘጋጅቼ የተቀመጥኩት ሴትዮ የምንቀው አጣሁ። እትዬ ከደጅ፣ ከጣራው ጠፈጠፍ ስር ቆማ ጎርፉን የምታይ መስላ ትሰማናለች።

«ይሄ ቴሌቪዥን የእርስዎ ነው?»

«አዎ፣ የኔ ነው» አልኩ፤ ስለው የአባዬን ድምፅ ከራሴ ጉሮሮ ሰማሁት፣ ለአፍታም ደስ አለኝ።

«ወይዘሮ ዘነበች ደምሴን ያውቋቸዋል?»

«ጎረቤቴ ናቸው። ምስኪን ሴት ናቸው።» እትዬን አንቱ አልኳት።

«ዝምድና አላችሁ?»

«የለንም።»

ልጅቷ ታብሌቷን አየች፣ ቀና ብላ እኔን አየች። ልታጋልጠኝ ሳይሆን ፈራ ተባ እያለች ነው የጠየቀችው። «ይቅርታ መምህርት፣ የእርስዎም የአባት ስም ደምሴ ነው መሰለኝ?»

«ደምሴ ምን ጠፍቶ» አልኳት፣ «በየመንደሩ አለ እኮ።»

ሳቀች፣ ሳቅሁ፤ ታብሌቱን በጣቷ ነካ አድርጋ አለፈች። እንዲህ ነው እህቴ ደሃነቷ የጸደቀላት።

ውሸቴን ነው። ደምሴ በየመንደሩ የለም። አንድ ነበር፣ እሱም ከሞተ ስድስት ዓመት አለፈው። የሱ ያልሆኑትን ሠላሳ ሁለት በጎች የኔ ናቸው ብሎ ቤቱን አፈረሰ፤ እኔ ደግሞ ያሳደገችኝን አንዲት እህት የኔ አይደለችም አልኩ፣ ምንም አልፈረሰብኝም፤ ምሳዬንም በላሁ። ያን ሁሉ ዓመት ሳንቃቸው የኖርኩት የዝምታ ሰዎች፣ ጋሽ ሽፈራውም ጭምር፣ ቢያንስ አፋቸውን ዘግተው ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ እትዬ ቴሌቪዥኗን ልትወስድ ገባች። ባናውን ገና ስላልደረቀ ወንበሬ ላይ ትታው፣ ዕቃዋን አቅፋ፣ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጎረቤቴ» አለችኝ፤ ለቀልድ ነው፣ እየሳቀች ነው ያለችው። እኔም እትዬ ልላት አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ ግን አልወጣልኝም።